ከሪፈር ወረቀት እስከ ነጋሪት ጋዜጣ፦ የርቀት ሕክምናና ሕጉ፣ ከዳንግላ ሲታይ



የመጽሔታችን አዘጋጆች «ከሙያሽ ጋር የተያያዘ ታሪክ ጻፊልን» ሲሉኝ ብዙ አላሰብሁም። በሥራዬ ላይ በየቀኑ የማየው፣ እናንተም በየቀኑ የምታደርጉት፣ ግን ታሪክ አለው ብለን የማናስበው ነገር አለ። እሱም የርቀት ሕክምና ነው። አንዳንዱ ቴሌሜዲስን ይለዋል፤ አንዳንዱ ቴሌሄልዝ። ብዙ ሰው ከኮቪድ ጋር የመጣ አዲስ ነገር ይመስለዋል። አይደለም። በአገራችን ሐኪምና በሽተኛ ሳይገናኙ መታከም ከሕጉ በፊት፣ ከኢንተርኔቱም በፊት የነበረ ነው። የኖረው ግን በትውውቅ ነው። ጓደኛ ያለው ጤና መኮንን ደውሎ ይጠይቃል፤ ጓደኛ የሌለው በሽተኛውን በመኪና ይልካል፤ መኪና ከሌለ ደግሞ ምኑ ቅጡ። እንግዲህ ሕግ ሲወጣ ከሕጉ የምጠብቀው አንድ ነገር ነው፦ በትውውቅ የሚገኘውን ምክር ማንኛውም በሽተኛ የሚያገኘው አገልግሎት ማድረግ። ይህን ይዘን ታሪኩን እንየው።

ርቀት ማለት ምን ነበር?

የተወለድሁት ዳንግላ ነው። ዳንግላ ዛሬ ከባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከአዲስ አበባ በሚመጣው አስፋልት ላይ የተቀመጠች የአዊ ከተማ ናት። ከመቶ ዓመት በፊት ግን በታሪክ መጻሕፍት የምትነሳው በሌላ ምክንያት ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ለሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የከፈተው ቆንስላ መቀመጫው ዳንግላ ነበር። ሜጀር ቺስማን የሚባለው ቆንስል እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 እዚያ ሆኖ ሠርቷል፤ ጣናንና ዓባይን በበቅሎ ዞሮ መጽሐፍ ጽፎበታል። በዚያ ዘመን ከዳንግላ አዲስ አበባ መሄድ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ የሳምንታት መንገድ ነው። የታመመ ሰው ያን መንገድ አይሞክረውም። ስልክ በአገራችን ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ገብቷል፤ ከአዲስ አበባ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ ተዘርግቶ ነበር። ግን ሽቦው የመንግሥትና የንግድ ጉዳይ ነበር እንጂ ለበሽተኛ የታሰበ አልነበረም።

የኛ ትምህርት ቤት የተወለደውም ከዚሁ ከርቀት ችግር ነው። በደምቢያ ሜዳ በተነሳው የወባ ወረርሽኝ ማግስት፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት አግዘውታል። ሐሳቡ ቀላል ነበር። አገሩ ሰፊ ነው፣ ሐኪም የለም፤ ስለዚህ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን በቡድን አሠልጥኖ ሐኪም ወደማይደርስበት ጤና ጣቢያ መላክ። ታላላቆቻችን እንደሚያወሩት ያ ቡድን የሚጠይቀው ሰው አጠገቡ አልነበረም። የሚያውቀውን ይሠራል፤ ከአቅሙ በላይ የሆነውን በሪፈር ወረቀት ይልካል። የሪፈር ወረቀት ለኔ የመጀመሪያው የርቀት ሕክምናችን ነው። ከላይ የላኪው፣ ከታች የተቀባዩ መልስ የሚጻፍበት ቦታ አለው። የታችኛው ክፍል ተሞልቶ ወደ ላኪው ሲመለስ ስንቶቻችን አይተናል? ምክሩ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነበር የሚሄደው።

የሐኪም ትምህርት ጎንደር የተጀመረው ከዚያ በኋላ፣ በ1970ዎቹ መባቻ፣ ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ነው። እኛ በ1993 ዓ.ም. ስንገባ ስሙ ጎንደር ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ነበር፤ በ1999 ስንመረቅ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ነበር። ስንገባ ለቤተሰብ የምንደውለው ቴሌ ተሰልፈን ነው። ስንወጣ የአብዛኞቻችን ኪስ ውስጥ ሞባይል ነበር። ያች ስልክ ናት በኋላ ሁሉን ነገር የለወጠችው።

ሌላው ዓለም እንዴት ጀመረው?

በዓለም ላይም ታሪኩ የሚጀምረው ከስልክ ሽቦ ነው። ኢሲጂን የፈለሰፈው ሆላንዳዊው አይንትሆቨን እ.ኤ.አ. በ1905 ላይደን ከተማ ውስጥ፣ ሆስፒታል የተኛን በሽተኛ የልብ ምት በስልክ ሽቦ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ርቆ ወደሚገኘው ላቦራቶሪው ልኮ አነበበ። አውስትራሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1928 የበራሪ ሐኪሞች አገልግሎት ሲጀምሩ፣ ኤሌክትሪክ በሌለው በረሃ በእግር የሚሽከረከር ሬዲዮ ሰጡ። ኋላ ላይ በየእርሻው መድኃኒቶቹ ቁጥር የተጻፈባቸው ሣጥን አስቀመጡ፤ ሐኪሙ በሬዲዮ «ከቁጥር ይህን ያህሉ አንድ ፍሬ ስጡት» ይላል። ቦስተን ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1968 አንድ ትልቅ ሆስፒታል ከአውሮፕላን ማረፊያው ክሊኒክ ጋር በቴሌቪዥን ተገናኘ።

እኔን የሚገርመኝ የአውስትራሊያው ሣጥን ነው። መሣሪያው ተራ ነው። ከኋላው ያለው ሥርዓት ግን የተሟላ ነበር። ማን ይመልሳል፣ መድኃኒቱ ከየት ይመጣል፣ ማን ይተካዋል የሚለው ሁሉ አስቀድሞ ተወስኗል። የደወለው ገበሬ ሐኪሙን ማወቅ አላስፈለገውም።

ሕጋችን ወዴት ይመለከት ነበር?

ወደኛ ሕግ ስመጣ፣ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ እንደ ሐኪም ነው የማነበው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2639 ጀምሮ ስለ ሕክምና ውል ይደነግጋል። ሐኪሙ የሰውየውን ጤና ለመጠበቅ ወይም ለማዳን የተቻለውን ሊያደርግ፣ ታካሚው ሊከፍል ነው ውሉ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣትን ይቀጣል። እነዚህ ሁለቱ በስልክ ለሚሰጥ ሕክምናም መሠረት ይሆናሉ።

ነገሩ የተወሳሰበው ከሌላ በኩል፣ ከቴሌኮም ሕጉ ነው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 281 በኢንተርኔት አማካይነት የድምፅና የፋክስ ግንኙነት ማድረግን ከለከለ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ደግሞ በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠትን ወንጀል አደረገው። በወቅቱ የመንግሥት ኃላፊዎች ስካይፕ ተጠቃሚውን እንደማይመለከት አስረድተዋል። ቢሆንም አንድ ሆስፒታል ወይም አንድ ወጣት ሐኪም በኢንተርኔት በሽተኛ የሚያነጋግር አገልግሎት ልክፈት ቢል መጀመሪያ የሚያየው የትኛውን ሕግ ነው? ያንን ነው።

የጤናው ሕግም ወደ ሕንፃው ነበር የሚመለከተው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 661 እና ማስፈጸሚያው ደንብ ቁጥር 299/2006 ባለሙያው የሙያ ፈቃድ፣ ተቋሙ የብቃት ማረጋገጫ እንዲኖረው አዘዙ። ተገቢ ነው። በየደረጃው የወጡት የተቋም መስፈርቶች ስንት ክፍል፣ ስንት አልጋ፣ ስንት ባለሙያ ብለው ይቆጥራሉ። ሕክምናው የሚሰጠው በሁለት ከተሞች መካከል፣ በሽቦ ላይ ሲሆን ግን መቁጠሪያው የቱ ጋ ነው?

በዚሁ መሀል ቴክኖሎጂው አልጠበቀም። እኛ በተመረቅንበት በ1999 ዓ.ም. ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በሕንድ መንግሥት ርዳታ ከሐይደራባዱ ኬር ሆስፒታል ጋር በሳተላይት ተገናኘ፤ ነቀምት ሆስፒታልም በዚያው መረብ ገባ። የፓን አፍሪካ ኢ-ኔትወርክ የሚባለው ፕሮጀክት የሙከራ ሥራ ነበር፤ እዚህ ተሞክሮ ነው ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሰፋው። ሐሳቡ ከሕንዱ ፕሬዚዳንት ከአብዱል ካላም የመጣ ነው። ታዲያ ልብ በሉ፦ ነቀምት ያለው በሽተኛ ሐይደራባድ ያለውን ስፔሻሊስት ሲያገኝ፣ ዳንግላ ያለው በሽተኛ ባሕር ዳር ያለውን የሚያገኝበት መደበኛ መንገድ አልነበረውም። ሩቁ ቀረበ፤ ቅርቡ ሩቅ ሆኖ ቀረ።

ለሕዝቡ ቀድሞ የደረሰው ተራው ስልክ ነው። 952 ትዝ ይላችኋል? ወገን ኤድስ ቶክላይን። ሰው ስሙን ሳይናገር ስለ ኤችአይቪ የሚጠይቅበት ነፃ መስመር። ስለ ምርመራ፣ ስለ መድኃኒት፣ ጎረቤቱን ለመጠየቅ ያፈረውን ሁሉ ሰው እዚያ ጠይቋል። ቀጥሎ ደግሞ በ8896 እንደሚሠራው ሄሎ ዶክተር ያሉ የግል አገልግሎቶች መጡ፤ ደዋዩ ሐኪም ያናግራል። በገጠሩ በኩል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ገቡ። ለርቀት ሕክምና ትልቁ መሠረት እነሱ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ስልክ ብቻውን የደም ግፊት አይለካም። ከስልኩ ወዲያ ማዶ የሠለጠነ እጅ ያስፈልጋል።

ኮቪድ፣ ከዚያም ዝምታው

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ በሽተኛ አገራችን ውስጥ ተገኘ። ወዲያው 8335 እና 952 የሁሉም ሰው ቁጥር ሆኑ። ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች ሆስፒታል መምጣት ፈሩ፤ እኛም አትምጡ አልን። መድኃኒታቸውን በስልክ ማስተካከል ጀመርን። ፈቃድ የጠየቀን የለም፤ የከለከለንም የለም። በዚያው ዓመት የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ወጣ፤ ከዚያ በፊት በ2011 የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ደግሞ የቴሌን ብቸኝነት አስቀርቶ አዋጅ 281ን ሽሮ ነበር። በአዋጅ 281 ውስጥ የነበረው የድሮ ክልከላ በዚህ አበቃ። በሕግ በኩል መንገዱ እየተከፈተ ነበር።

ኔትወርኩ ግን ሕግ አያውቅም። በትግራይ ከጥቅምት 2013 መጨረሻ ጀምሮ ስልክም ኢንተርኔትም ሲጠፋ፣ እዚያ ያሉ የሙያ ጓደኞቻችን ምን ላይ እንደነበሩ በወቅቱ ማወቅ አልቻልንም። ተራው ወደኛም መጣ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም ተቋርጦ ቆየ።

ያን ጊዜ የገጠመኝን ልንገራችሁ። በአዊ ከሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አንድ ጤና መኮንን ይደውልልኛል። የኛው የጎንደር ልጅ ነው፤ ከኛ በብዙ ዓመት ያንሳል። ቀድሞ ኢሲጂውን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልኝ ነበር፤ አይቼ እመልስለታለሁ። አሁን ቴሌግራም የለም። «ዶክተር፣ ይቅርታ በሌሊት» አለ፤ ከዚያ ወረቀቱን በቃሉ ያነብልኝ ጀመር። «ቪ ሁለት ላይ ወደ ላይ ወጥቷል፣ ሦስት ትንንሽ ካሬ። ቪ ሦስትም ያው ነው። ቪ አራት ሁለት ካሬ።» በሽተኛው የሃምሳ ዓመት ገበሬ ነው፤ ደረቱን ጨምድዶ ይዞታል። አስፕሪን እንዲያኝክ አስደረግን፤ የቀረውን ተነጋገርን። መንገዱ እንደ ልብ አልነበረም፤ ሰውየው በማግስቱ ከሰዓት ባሕር ዳር ደረሰ፤ ተረፈ። አይንትሆቨን ልብን በሽቦ ከላከ ከ118 ዓመት በኋላ እኛ በአፍ ላክነው።

ይኼን የምነግራችሁ ልጁን ለማመስገን ብቻ አይደለም፤ ምስጋናማ ይገባዋል። ከዚያ ሌሊት በኋላ ያልለቀቀኝ ጥያቄ ስላለ ነው። ያ ልጅ ሌላ ቦታ ተምሮ ቢሆንስ? ቁጥሬ ባይኖረውስ? በዚያ ሌሊት ስልኬ ዝግ ቢሆንስ? ለዚያ ገበሬ ሕይወት የተያዘለት ሥርዓት አልነበረም። የተያዘለት የአንድ ኮሌጅ ልጆች መሆናችን ነው። እኔ የሰጠሁት ምክር በየትኛውም ካርድ ላይ አልተጻፈም። እሱ ብቻውን ፈረመ፤ የሆነ ነገር ቢፈጠር ብቻውን ይጠየቅ ነበር።

አሜሪካ ያሉት ጓደኞቻችን ምን ይሉናል?

ከእኛ ባች ብዙዎቹ አሜሪካ ናቸው። እዚያ የሙያ ፈቃድ የሚሰጠው በየስቴቱ ነው፤ ሐኪሙ በሽተኛው ባለበት ስቴት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ የርቀት ሕክምና ታሪካቸው የስቴት ሕግ ታሪክ ነው። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1996 የቴሌሜዲስን ሕግ አወጣች፤ በ2011 አሻሻለችው። ቴክሳስ ሐኪሙ በሽተኛውን መጀመሪያ በአካል ካላየ በሚል ለዓመታት ከኩባንያዎች ጋር ስትከራከር ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው ሕግ ያን ግዴታ አነሳች። ብዙ ስቴቶች የሐኪሞችን ፈቃድ ለማቀላጠፍ ስምምነት ፈጠሩ። ኮቪድ ሲመጣ ሁሉም በጊዜያዊነት በሩን ከፈቱ፤ ከዚያ የትኛው በር ክፍት ይቆይ በሚለው ሲከራከሩ ኖሩ።

ሕጎቻቸውን ሳነብ የሚደጋገሙት ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። የማን ፈቃድ? ማን ይከፍላል፣ በአካል እንደታየው እኩል ነው ወይ? በድምፅ ብቻ የተሰጠ ምክር ይቆጠራል? መድኃኒት ሳያዩ ማዘዝ እስከ ምን ድረስ ነው? ስለ ካሜራው ጥራት ብዙም አይከራከሩም። የኛን አገር ሁኔታ ከነሱ ጋር ማወዳደር ልክ ላይሆን ይችላል፤ ጥያቄዎቹ ግን የኛም ናቸው።

አዋጁና የቀረው ሥራ

አሁን እኛ የት ደረስን? በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጣ፤ የጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ነው። በየቴሌግራም ግሩፑ የበሽተኛ ፊት፣ ራጅና ስም አብሮ የምንልክ ሁሉ ይኼን እናንብበው። በ2017 ደግሞ የጤና አገልግሎት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1362 ወጣ፤ የጤናውን ዘርፍ ሕግ በአዲስ መልክ አቆመው። አዋጅ ግን ምሰሶ ነው፤ ግድግዳው ደንብና መመሪያ ነው። የዳንግላው በሽተኛ የሚጠቀመው ግድግዳው ሲቆም ነው። ከሥራዬ ተነሥቼ መመሪያ ሊመልሳቸው ይገባል የምላቸው እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ ተረኛ። በየሪፈራል ሆስፒታሉ የድንገተኛ ክፍል ተረኛ እንዳለ ሁሉ፣ ከሥሩ ላሉ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ስልክ የሚያነሳ ተረኛ ሐኪም ይኑር። ሥራው ይሁን፤ ውለታ አይሁን። የትርፍ ሰዓት ክፍያውም ይታሰብ።

ሁለተኛ፣ ኃላፊነት። መካሪውና ፈራሚው ድርሻቸው ይለይ። ምክሩ በሁለቱም ቦታ፣ በካርዱም በተረኛው መዝገብም ይጻፍ። የሪፈር ወረቀቱ የታችኛው ግማሽ ያጣውን መልስ እዚህ እናገኘው ነበር።

ሦስተኛ፣ ክፍያ። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 በ13 ወረዳዎች ሙከራ ሲጀምር አማራ ክልል አብሮ ነበር። አባል የሆነ ገበሬ ባሕር ዳር ሳይሄድ በስልክ መፍትሔ ካገኘ ለመድኑም ትርፍ ነው። ስለዚህ መድኑ የርቀት ምክርን እንደ አገልግሎት ይወቀው።

አራተኛ፣ ድምፅና ቋንቋ። አገልግሎቱ በቪዲዮ ብቻ ከተተረጎመ ገጠሩ ቀረ ማለት ነው። ተራ የስልክ ጥሪ በሙሉ መብቱ ይቆጠር። ቋንቋውም እንዲሁ ነው። እኔ ዳንግላ ከተማ ስላደግሁ አውኚ እሰማለሁ፤ ደፍሬ ሕመም ልጠይቅበት ግን አልችልም። አንዲት እማማ ማበጣቸውን በስልክ ሲነግሩኝ የምታስተረጉመው የልጅ ልጃቸው ነበረች፤ ሽንትና ማህፀን ላይ ስንደርስ ልጅቱ አፍራ ዝም አለች። በአካል ቢሆን በምልክትም እንግባባለን። በስልክ ግን አስተርጓሚው መሀል ላይ ያለ ብቸኛ ድልድይ ነው። ኢንጅባራም ሆነ ዳንግላ በአውኚ የሚያናግር የሠለጠነ ሰው መስመሩ ላይ ይኑር።

አምስተኛ፣ ሽቦው። ኔትወርክ በማንኛውም ምክንያት ሲቋረጥ የጤና ተቋማት መስመር አብሮ እንዳይቋረጥ የሚያደርግ ድንጋጌ ያስፈልጋል። አምቡላንስ በጦርነትም ቢሆን ማለፍ አለበት እንላለን። ዛሬ ያ የስልክ መስመር አምቡላንስ ነው።

እኛስ?

መመሪያ እስኪወጣ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራችን ከጥሩ እራትና ከፎቶ ያለፈ ነገር መሥራት የሚችልበት ዕድል እዚህ ላይ አለ። በየስፔሻሊቲው ፈቃደኛ የሆንነውን እንመዝገብ፤ በየወሩ ተረኛ እናውጣ፤ ቁጥሩን የጎንደር ልጅ ላልሆነውም ጭምር፣ ለአዊም ለዋግም ለሰሜን ጎንደርም ሆስፒታሎች እንበትነው። ውጭ ያላችሁ ደግሞ እዚህ የሙያ ፈቃድ ያለውን ሐኪም በመምከር ግቡበት፤ የሌሊቱ ተራ ለእናንተ ቀን ነውና። ዋናው ደግሞ መዝገቡ ነው። የስንት ሰው ጥሪ መጣ፣ ከየት፣ በምን ሰዓት፣ ስንቱ ሳይላክ እዚያው ታከመ፣ ስንቱ ጊዜ መስመሩ ተቋረጠ ብለን የበሽተኛ ስም ሳንጽፍ እንመዝግብ። መምህሮቻችን ያን መዝገብ ወደ ጥናት ይቀይሩት፤ መመሪያ የሚያረቁት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጠው።

ከሰባ ዓመት በፊት ታላላቆቻችን ሦስት ሦስት እየሆኑ ሐኪም ወደሌለበት ሲላኩ፣ መሥራቾቹ ያሰቡት ሕዝቡ ከኮሌጁ ጋር ትውውቅ ሳያስፈልገው እንዲታከም ነበር። የኛም ድርሻ ይኼው ነው። ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን፣ ስፔሻሊቲያችሁንና የሚመቻችሁን ሰዓት ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ። የኔ ስም ገብቷል፤ የማክሰኞና የዓርብ ሌሊት ተረኛ ነኝ።